ማኮብኮቢያውን የሚያበራው ሸሪፍ

ሸሪፍ ኑሩ በጎረምሳነቱ ከደብረ ታቦር ወጥቶ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀጠረ። ሥራው መንገደኛው ከማያየው ጓሮ፣ ከነዳጅ ጋኖቹና ከእሳት አደጋ መኪኖቹ አጠገብ ካለችው የጄኔሬተር ቤት ነው። የከተማው መብራት ድርግም ሲል እሱ ቶሎ ሞተር ካላስነሳ ማኮብኮቢያው ይጨልማል፤ ሰማይ ላይ ያለው አውሮፕላንም መውረጃ ያጣል። የስንቱን አገር ሰው በሰላም ያሳረፈ ሸሪፍ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ለደብረ ታቦር ሰው ማን ያስረዳ? እዚያ የጭነት መኪና ካለው ነጋዴ ዘንድ የተቀጠረ ሁሉ ጆንያው ላይ ወጥቶ በነፃ ይሄዳል። ስለዚህ እናቱ ራቢያ የልጃቸውን ሥራ የሰሙ ዕለት ነገሩ አለቀ፤ ሲመጣ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው።

ሸሪፍ ግን ብዙ ዓመት መምጣት አልቻለም። ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር አለቃው ጓድ ማሩ «አገር ጦርነት ላይ እያለች ሞተሩን ለማን ጥለህ?» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሰሜን የሚሄደው አውሮፕላን ሲነሳ ደጅ ወጥቶ እስኪጠፋ ያየዋል። እናቱ ናፍቀውታል፤ ከቤታቸው በላይ ካለው ከጋፋት ማዶ የሚመጣው ነፋስ ሳይቀር ናፍቆታል።

አንድ ቀን አብዱ የሚባል የአገሩ ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሊጠይቀው መጣ።

«እናትህ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ሊቀበሉህ ከሚያርፍበት ሜዳ ይወርዳሉ» አለው። «ማረፊያው ላይ ያለው ከብት ሲባረር ከሰሙ የያዙትን ጥለው ነው የሚወጡ። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሳይጠፋ ድረስላቸው።»

ያን ዕለት ሸሪፍ ጓድ ማሩን አልለመናቸውም፤ ፊታቸው ቆሞ አለቀሰ። ሰውየውም ሆዳቸው ባባና ተተኪ ፈልገው ለቀቁት። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት እስኪያገኝ ግን ወራት አልፈው አዝመራው ተሰብስቦ አለቀ።

አውቶቡሱ ከወረታ ጀምሮ አቧራ ሲያለብሰው ዋለ። ቤት ሲደርስ በሩ ዝግ ነው። ጎረቤታቸው ዘቢባ «አውሮፕላን መጥቶ ነበር፤ እጃቸውን ይዤ ሜዳ አድርሻቸው መመለሴ ነው» አለችው። «እጃቸውን ይዤ» ስትል ጓዙን ደጃፉ ላይ ጥሎ ወደ ሜዳው ሮጠ።

ሲደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል፤ ከብቱም ወደ ሣሩ ተመልሷል። ራቢያ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«እማ፣ መጣሁ» አላቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ እንጂ አላዩትም። ሸሪፍ ተንበርክኮ እጃቸውን ፊቱ ላይ አደረገው።

«ከአውሮፕላኑ ነው የወረድህ?»

«አዎ፣ እማ።» ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን እንዴት ይንሳቸው?

ራቢያ ጣቶቻቸውን አሻሹና «ሰማዩም እንዲህ አቧራ አለው እንዴ?» አሉ። ደግነቱ መልስ አልጠበቁም። ግንባሩን፣ ጉንጩን ዳሰው አገጩ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ስትሄድ ጢም አልነበረህም» አሉት። «ጥቁር ነው?»

ሸሪፍ ጢሙ ከሸበተ ቆይቷል።

«ጥቁር ነው፣ እማ» አላቸው።