የእድራችን ሰብሳቢ በጤና ጣቢያው በር

ሳጉሬ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የሰፈራችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሲስተር፣ አንዲት ዘመዴ ደም አልቆም አላት፤ ምን ይሆን?» አሉኝ። እንዲህ ያለች ዘመድ እንደሌለቻቸው ወዲያው ገባኝ። በእኛ አገር ማህፀኗን የሚያማት ሁልጊዜ ዘመድ ናት። «ትምጣና ትታይ» ስላቸው ዘመዳቸው ሩቅ አገር ሆነች።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የእድሩን ሴቶች ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ከመጡ አይቀር እሳቸውም ይታያሉ ብዬ ነው።

«ዛሬ የቀረች ለቅሶ እንደቀረች ትቆጠራለች» ብለዋቸው ኖሮ በምርመራው ቀን የቀረ አልነበረም። የምንመረምረው አቼቶ ቀብተን መሆኑን ሳስረዳ አንዷ፣ «ያ ረቢ! ሰላጣ ነን እንዴ?» ብላ ግቢውን በሳቅ ሞላችው። አንዲት ሴት ላይ ገና ካንሰር ያልሆነ ነጭ ምልክት ታየ፤ እዚያው ታከመች። ሰብሳቢዋ ግን በር ላይ ቆመው ተራ ያስይዛሉ። ስጠራቸው፣ «መጀመሪያ ሰዎቼ» ይላሉ። የእድር ሰብሳቢ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ሳይበላ እንደማትበላ ሳላስብ የበሩን ኃላፊነት ለእሳቸው መስጠቴ አናደደኝ።

የመጨረሻዋ ስትወጣ ጓንቴን ሳላወልቅ በሩ ድረስ ሄድኩና፣ «ሰው አልቋል፤ እርስዎ ነዎት የቀሩት» አልኳቸው። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ያዩናል። ማምለጫ አጡ።

ገብተው ተኙና ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ። አቼቶውን ገና ሳልነካው የማህፀናቸው በር ላይ እብጠት ታየኝ። ፈራሁላቸው። ነገ ዛሬ ሳይሉ አሰላ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው ነገርኳቸው።

«ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ?»

መዋሸት አማረኝ፤ አልዋሸሁም። «ቀላል ይሆን ነበር» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በመስኮት ሰማኋቸው። «እኔ ዘግይቻለሁ» አሉ፣ የመዋጮ ነገር እንደሚናገሩ ሁሉ ረጋ ብለው። «ሰኞ ሴት ልጆቻችሁን ይህን ካንሰር ለሚከላከለው ክትባት ላኩ። ክትባቱ መካን ያደርጋል የምትል ካለች፣ መጥታ እኔን ትይ።»

አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ተቆጧት።

«ዝም በይ፣ ገና አልተቀበርኩም! ይልቅ ነገ አሰላ ማናችሁ ትሸኙኛላችሁ?»

ሁሉም እጃቸውን አወጡ።