በግዝት የተነገረ አድራሻ

እህቴ ከመራዊ በጠዋቱ መኪና ስትመጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። በርዶኝ ነው አለችኝ፤ ባሕር ዳር በሚያዝያ ብርድ ያለ ይመስል። ነጠላውን ስገልጠው መንጋጋዋ አብጧል፣ አንገቷ ላይ የባሏ ጣቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሌላም ያደረገኝ ነገር አለ አለች፤ እሱን ግን ለእኔ አልዘረዘረችውም።

እኔ ኮሌጅ ውስጥ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ እያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ቢሮ አለው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ይዣት ወጣሁ። ቀበሌ ያገኘነው ሰውዬ ወንበር እንኳ ሳያቀርብልን፣ ቤት ይፍጀው ብላችሁ በሽማግሌ ጨርሱት ሲል መከረን። ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የምትይዘው መርማሪ ስልጠና ላይ ናት ተባልን፤ መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ሆስፒታል በር ላይ ጥበቃውን ጠጋ ብዬ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የሚታዩበት ክፍል የት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። እሱ ግን፣ ካርድ ሊያወጣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የተደበደበች ናት ወይስ የተደፈረች ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ «ሁለቱም» አለችው። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት።

ክፍሉ ከሕንፃው ጀርባ ነበር። ሐኪሙም ፖሊሱም የሕግ ባለሙያውም እዚያው አንድ ላይ ይገኛሉ፤ ይህን ግን ቀበሌም ጣቢያም ያለ ሰው አልነገረንም። ሲመረምሯት እኔን አስወጡኝ። ለእኔ ያልነገረችኝን ለእነሱ እንደነገረቻቸው ስትወጣ ከፊቷ አወቅሁ። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲህ ያሉ ሴቶች ወደሚሸሸጉበት መጠለያ በባጃጅ ወሰደችን። በሩ ምንም ምልክት የለውም። ዘመድም ሆነ ሽማግሌ ቢጠይቀኝ ቦታውን እንዳልናገር አስጠንቅቃ ወረቀት አስፈረመችኝ። እኔ ምስጢር የማልይዝ መሰልሁሽ ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

ባሏን ፈርቼው አላውቅም። ሲደውል ሰድቤ እዘጋበት ነበር። የመጡብኝ ግን ንስሐ አባታችን ናቸው። እኛ የደቅ ደሴት ልጆች ነን፤ ወላጆቻችንን የቀበሩ እሳቸው፣ የእኔም የእህቴም ነፍስ አባት እሳቸው፣ ካገባች ወዲህ ደግሞ የባሏም። ከደሴቱ በጀልባ ተሻግረው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ባልየው ደቅ ድረስ ሄዶ እግራቸው ላይ ወድቆ አልቅሷል፤ ሁለተኛ እጄን አላነሳባትም ብሎ ምሏል። የት እንዳለች ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሦስት ጊዜ እንቢ አልሁ። በራሴ ኮርቼ ነበር። ያን ጊዜ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቼሻለሁ። ተናገሪ።»

ይህን የሚያነብ የከተማ ልጅ፣ ታዲያ ምን አለበት ሊል ይችላል። እኛ ግዝት እየፈራን ነው ያደግነው። ግዝት የጣሰ አይቆርብም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም። ወረቀት ላይ የፈረምሁት ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ሆነብኝ። ሰፈሩን ነገርኋቸው፣ የበሩን ቀለም እንኳ ሳላስቀር። የት እንደነበረ እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ መናገሬ ይበቃል።

በማግሥቱ እሳቸው ሽማግሎች ይዘው ወደ መጠለያው ሄዱ። ጥበቃዋ አላስገባቻቸውም፤ እህቴ ግን የአባን ድምፅ ስትሰማ ራሷ ወጣች። እርቁ እኔ ቤት ሆነ። ባልየው ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ተደፋ፣ ሽማግሎቹ መረቁ፣ እኔ ጠላ ቀዳሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ልትሄድ ስትነሳ እህቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ቤቱን አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«አባ ገዝተውኝ እኮ ነው። ምን ላርግ?»

እጄን ለቃ ወጣችና ከባሏ ጋር መኪና ተሳፈረች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ወር ሳይሞላ ጎረቤቶቿ ደወሉልኝ፤ ሆስፒታል ስደርስ እዚያው ክፍል ተኝታ አገኘኋት። ግራ ዓይኗን አጥፍቶታል። ሲመታት መጠለያ መግባቷን እያነሳባት ነበር አሉ። እሱ ታሰረ። ንስሐ አባታችን፣ ትእዛዝ ፈጸምሽ እንጂ ጥፋት የለብሽም፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ መፈታቴ አስጠላኝ።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አልተቆጣችኝም። ቤቱ ስለታወቀ በውስጡ የነበሩትን ሴቶች ከነልጆቻቸው ወደ ሌላ ቦታ እንዳዛወሯቸው ብቻ ነገረችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቅጽ አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እህቴን ወደ አዲሱ መጠለያ እንደምትወስዳት አስረዳቻት፤ ከዚያ የቅርብ ዘመድ ማን ብላ እንደምትጽፍ ጠየቀቻት። እኔ ስልክ ቁጥሬን ልናገር አፌን ከፈትሁ።

«ዘመድ የለኝም» አለች እህቴ፣ በቀረላት ዓይን ሠራተኛዋን ብቻ እያየች። «የምሄድበትን ከመንገርሽ በፊት ይችን ሴትዮ አስወጪልኝ።»

ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞረች። እስክትናገር አልጠበቅሁም፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁና በሩን ከውጭ ዘጋሁላቸው።