ጋሼ ሰይድ በቀትር ያፈጠሩበት ረመዳን

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ዘሃራ ከአዲስ አበባ መጣችና ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ክንዷን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አዲስ ሰዓት አስራለች። የልብ ምት ይለካል፣ እንቅልፍ ይመዝናል፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ ደግሞ ክንድ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«አክስቴ፣ አንቺ የሶፍትዌር ሰው ነሽ፤ እስቲ ፍረጂው» አለችኝ።

ሰው ላፕቶፔን ሲያይ አዲስ ዕቃ የምጠላ ይመስለዋል። ያረጀ ነው፤ ቁልፎቹ ሲነኩ ቆሎ እንደሚቆረጠም ያሰማሉ። ግን አልጠላም። የሚታጠፈውን ስልክ መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንደ ሕፃን ደጋግሜ ስከፍተው ስዘጋው ባለቤቱ ተሳቀቀ። ያን አንድ ሁለት መስመር ስትነግሪው ሙሉ ኮድ ጽፎ የሚያቀርብልሽን ረዳትም ቢሆን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ አይደክመውም፣ አያኮርፍም። የሚያስፈራኝ እርግጠኝነቱ ብቻ ነው። ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም ድምፁ አንድ ነው።

«ቆንጆ ነው» አልኳት፤ «ግን ሰዓቱን ከየት ነው የሚያመጣው?»

«ከሳተላይት ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን ልቤ ወደ መስኮቱ ሄዶ ነበር። የጨፋ ሜዳ ክረምቱን ጠጥቶ ጠግቧል፤ ማሽላው ቆሟል፣ የቦርከና ወንዝ ከሩቅ እንደ ተጣለ መቀነት ያበራል። እንዲህ ባለ ክረምት ነበር ጋሼ ሰይድ በቀትር ያፈጠሩት።

የዚያን ዓመት የአሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። በእኛ ከተማ በከሚሴ ውጤት ያልመጣላት ልጅ ቀጥላ ምን እንደምታወጣ ያኔ ማንም ያውቅ ነበር፤ ፓስፖርት። የአጎቴ ልጅ ሐዋ አውጥታ ጨርሳለች፤ ዓረብ አገር አብረን እንድንሄድ ነበር የታሰበው። ሐዋና እኔ ከአንድ ሳህን በልተን ያደግን ነን። እናቴ ክፉ ሆና አልነበረም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በሙሉ የቆመው በእሷ ትከሻ ላይ ነው።

«ኢድ እስኪያልፍ እታገስሻለሁ» አለችኝ በቆሎ እየፈለፈለች። «እዚሁ ሥራ ካገኘሽ ማን ይሸኝሻል? ካላገኘሽ ግን ኢንተላ ኮ፣ ከሐዋ ጋር ነሽ።» እናቴ ሆዷ ሲባባ ኦሮምኛው ይቀድማታል፤ «ልጄ» ማለቷ ነው።

እኔ ደግሞ ልቤ አንድ ቦታ ቀርቷል። ጋሼ ሰይድ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። ከፊት አዲስ ኮምፒውተር ከነድምፅ ማጉያው ተቀምጧል፤ ከጀርባ፣ ወረቀት በሚከመርበት ክፍል፣ አንድ ሆዱ የተነፋ አሮጌ አለ። ቤቱን እየጠረግኩ፣ ወረቀት እያቀበልኩ፣ በአሮጌው ላይ እንድቀመጥ ፈቅደውልኛል። ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ለማሽን መናገር የተማርኩት እዚያ ነው። መብራት ድንገት እልም ሲል የጻፍኩት ሁሉ አብሮ ስለሚሄድ በየመስመሩ ማስቀመጥ ለመድኩ። ዛሬም ጣቴ ሳላዝዘው ያስቀምጣል፤ ወጣቶቹ ያዩኝና ይስቃሉ።

ረመዳን ገባ። መናኸሪያው ዘንድ የማፍጠሪያ ሰዓት ትልቅ ጭንቅ ነው። የደሴና የአዲስ አበባ ከባድ መኪና፣ የባጃጁ ጩኸት፣ የረዳቶቹ ጥሪ አዛኑን ይውጠዋል። ሰው ሁሉ ተምሩን በጣቱ ይዞ «አለ? አላለም?» እየተባባለ ይጠያየቃል። ታዲያ አንድ ፕሮግራም ልሥራ አልኩ፤ የዕለቱን የማፍጠሪያ ሰዓት ጠዋት ላይ ትሞይለታለሽ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በድምፅ ማጉያው ደወል ይደውላል።

ጋሼ ሰይድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሙኝ። «ከሠራ፣ ያ ወንበር ያንቺ ነው፤ በደመወዝ» አሉ የፊቱን ወንበር እየጠቆሙ። «ካልሠራ ግን እኔንም ራስሽንም አታድክሚ።»

በጀርባው ክፍል ምሽት ምሽት ሞከርኩት። አዛኑና ደወሉ እንደ መንታ ልጆች አብረው ይመጡ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ወደ ፊተኛው ኮምፒውተር ገለበጥኩት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ብዬ ሞላሁና ሥራዬን ቀጠልኩ።

የዚያን ቀን ቀትር ላይ ከደጋው ጥቁር ደመና ወረደ። ከተማው ሁሉ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ጨለመ፤ ባጃጆች መብራት አበሩ። ጋሼ ሰይድ ሌሊት ለሱሁር ተነስተው ስላልተኙ ባንኮኒው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ሸለብ አድርጓቸዋል። እና ደወሉ ጮኸ።

ከጀርባ ሮጬ ስወጣ፣ ጋሼ ሰይድ ዓይናቸው ሳይገለጥ «ቢስሚላህ» ብለው፣ ለማታ ያስቀመጧትን ተምር አፋቸው ውስጥ ከተዋት ነበር። ዋጧትም።

ከመንገዱ ማዶ ሳምቡሳ የምትጠብሰው እትዬ ዘይነባ፣ ክንዷ ገና በሊጥ እንደተለወሰ ቀና አለች። «ማል ታቴ፣ ሰይድ? ምን ሆነሃል? ሊጡ እንኳ ገና ነው!»

አንዱ ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው እንዴ የመሸው?» አላቸው።

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ሰይድ የተምሩን ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው ሰማዩን አዩ፣ ሰዎቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጾሜን አስበላሽኝ፣ አንቺ ልጅ?» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮኹብኝ በተሻለኝ። «በይ ነጠላሽን አንሺ። ሂጂ።»

ነጠላዬ ጀርባው ክፍል ነበር። ገብቼ ከወንበሩ ላይ ሳነሳው፣ ከሐዋ ጋር መኪናው ውስጥ ተቀምጬ፣ ከሚሴ ከኋላችን ስታንስ ይታየኝ ጀመር። እንባዬን ለመጥረግ ፊቴን ዞር ሳደርግ ዓይኔ የአሮጌው ኮምፒውተር ስክሪን ማዕዘን ላይ አረፈ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል አልፏል ይላል። ወደ ፊት ሮጥኩ። የፊተኛው አሥራ ሁለት ተኩል አልፏል ይላል።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡ!»

እያጉረመረሙ መጡ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ተመልሰው አንዱን አዩ። የፊቱ ማሽን ከፋብሪካው እንደወጣ በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል፤ ለእሱ አሥራ ሁለት ተኩል ቀትር ነው። እኔ የለመድኩት አሮጌው ግን እንደ እኛ ጠዋት ከፀሐይ ጋር ነው መቁጠር የሚጀምረው።

ጋሼ ሰይድ ጢማቸውን ያዙ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ በመጨረሻ። «ይህን የኋላውን ያዞርኩት እኮ እኔ ነኝ። ያኔ ፊት ሳለ ደንበኛው እያየ ሲደናገርብኝ ጊዜ፣ የሐበሻ ይሁን ብዬ…» አልጨረሱትም። ሳቃቸው መጣ፤ ወረቀቱ ክምር ላይ ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «የገዛ እጄ ነዋ ያበላኝ! ይህችን ቀን ከኢድ በኋላ እከፍላታለሁ። በይ አሁን ነጠላሽን አስቀምጪ፤ እስከ መግሪብ ጊዜ አለሽ።»

ሰዓቱን መልሶ ማዞር ቀላል ነበር። ግን ነገ ሌላ ሰው ሌላ ማሽን ላይ ቢጭነውስ? ስለዚህ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ አደረግኩት፤ «አሁን በእናንተ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ። መልሱን ከራሱ ሰዓት ጋር አመዛዝኖ ልዩነቱን ራሱ ያቻችላል። ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ። ውጭ ዝናቡ ዘነበና አባራ።

አመሻሹ ላይ ወሬው ከተማውን አዳርሶ መናኸሪያው ሞላ። እናቴም መጣች፤ ገበያ ላይ «ልጅሽ ከሚሴን በቀትር ልታስፈጥር ነበር» ተብላ። እትዬ ዘይነባ አጠገብ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ወደ እኔ አታይም። ሰማዩ ታጥቦ ጠርቷል፤ ከጨፋ ማዶ ያለው ተራራ ጫፉ ብቻ ወርቅ ነክቶት ነበር።

ደወሉ ጮኸ።

ማንም እጁን ወደ አፉ አላነሳም። ሁሉም ዞሮ ያየው ጋሼ ሰይድን ነው። እሳቸው ከባንኮኒው ወጡ፤ ቀስ ብለው አስፋልቱ ዳር ድረስ ሄደው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ተራራው አዩ። ፀሐይዋ የለችም። መኪኖቹ በተነፈሱባት ትንሽ ዝምታ ውስጥ አዛኑ ከሩቅ መጣ። ያኔ ተምራቸውን ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩና «አሁን እንኳ የሁላችንም መሽቷል፤ ቢስሚላህ!» አሉ።

ሳቁና የሳምቡሳው ሽታ ተደባለቁ። እናቴ ወደ ሱቁ ገባች። የፊቱን ወንበር በእጇ ነካ ነካ አደረገችው፤ ላም ስትገዛ ጀርባዋን እንደምትደባብሰው።

«ጠንካራ ነው?» አለች ጋሼ ሰይድን።

«እሷን ይችላል» አሏት።

ተምሯን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። «እንግዲያ ለሐዋ እኔ እነግራታለሁ» አለች።

ሐዋ ከኢድ በኋላ ብቻዋን ሄደች። ከሚኒባሱ መስኮት እጇን ስታውለበልብ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከአቧራው የተነሳ አልለየሁም። እስከ ዛሬ ሳልለየው እኖራለሁ።

ያቺን ጥያቄ ግን አልተውኳትም። ምንም ነገር ስሠራ መጀመሪያ የምጽፈው ማሽኑ ሰውየውን የሚጠይቅበትን መስመር ነው። አዲሱ ረዳቴ ኮዱን በአንድ ትንፋሽ ጽፎ ሲሰጠኝም እሷን ፈልጌ ካጣሁ ራሴ እጨምራታለሁ።

ይህን ሁሉ ለዘሃራ ሳወራላት የክንዷ ሰዓት ተንቀጠቀጠ። «መግሪብ ደረሰ» አለች። ከዚያ ሐፍረት ቢጤ ያዛትና ብድግ ብላ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ተከተልኳት። ጎን ለጎን ቆመን ወደ ተራራው አየን። ሰዓቷ አልዋሸም።

ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ ከዓረብ አገር ሐዋ ነበረች። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምትደውለው፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ያንኑ ነው።

«እዚያ መሸ?»

ለሐዋ የሰዓቱን ቁጥር ነግሬያት አላውቅም።

«አሁን ከጨፋ ማዶ ወረደች» አልኳት፤ «ተራራው ጫፍ ላይ ብርሃኗ ትንሽ ቀርቷል። ቆይ፣ እስኪጠፋ አብረን እንየው።»