ጣሪያችን ላይ የተጫነው ድንጋይ

ቤታችን ጎማ አለው። መንገድ ሠራተኞች ከካምፕ ወደ ካምፕ በመኪና እያስጎተቱ የሚያድሩበት የብረት ቤት ነበር። ባሌ የግሬደር ኦፕሬተር ስለነበረ፣ የሊማሊሞው ሥራ ሲያልቅ ያረጀውን ለእሱ ተዉለትና ደባርቅ ዳር አቆምነው።

የባሌ ታላቅ እህት ልታየው መጣች። ዞር ዞር ብላ፣ «የደባርቅን ነፋስ አታውቂውም፤ ድንጋይ ካልጫናችሁበት ይዞት ይሄዳል» አለችኝ። በአገሩ የቆርቆሮ ክዳን ሁሉ ድንጋይ ይጫንበታል። የእኛ ግን ዙሪያውን የተበየደ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው፤ ነፋስ አያነሳውም፣ በየዓመቱ ቀለም ቢቀባ ይበቃዋል። ይህንኑ ተናገርኩ። ባሌ፣ «እሷ እዚህ ነው ያረጀችው» ብሎ መሰላል ላይ ወጣና አሥራ አንድ ድንጋይ ደረደረ። ከታች ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም።

ያኔ አንቱ እላት ነበር። ይህን ሳወራ ግን ትቼዋለሁ።

ከጥቂት ክረምት በኋላ ማፍሰስ ጀመረ። ሬንጅ አቅልጬ ለጠፍኩ፣ ላስቲክ ዘረጋሁ፣ ያበጠውን የውስጥ ጣውላ በሚስማር መለስኩ። ድንጋዩን እናውርድ ስል ባሌ የእህቱን ቃል ይጠራብኛል። ስትሮክ ግራ ጎኑን ሽባ ካደረገው ወዲያ ደግሞ አልጋውን የማዞርበት ደረቅ ጥግ ጠፋ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ በያጅ አመጣሁ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ድንጋዮቹን አነሳና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ነው የጫነው?»

«ምነው?»

«ሥሩ እርጥበት ይዞ ብረቱን ጨርሶታል። ሌላው ደህና ነው፤ ድንጋይ ባረፈበት ሁሉ ግን ጣቴ ያልፋል።»

ውስጡ እንጨት ስለሆነ ሲበየድ እሳት ይነሳ ይሆናል፤ በሽተኛው ይውጣ አለኝ። ወዴት? እዚህ ያለችን ዘመድ እህቱ ብቻ ናት። ሄጄ ለሁለት ቀን አስጠጊው ብዬ ለመንኳት።

«ወንድሜን ውኃ ውስጥ ስታስተኚው ኖረሽ አሁን ትዝ አልኩሽ?» አለች።

ድንጋዩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ብናገር በሯን ትዘጋብኛለች። በቃሬዛ አድርሰንላት ተመለስን።

በያጁ ሁለት ቀዳዳ ደፈነ። ሦስተኛው ላይ የሳሳው ብረት እንደ ወረቀት ተቀደደና ሰው የሚያሳልፍ ሆነ። «ይሄ አዲስ ላሜራ ነው የሚፈልግ» ብሎ ወረደ። ላሜራው ከጎንደር እስኪመጣ ክረምቱ ቀደመን።

አሁን በየጠዋቱ የታጠበ ልብሱን ይዤለት እሄዳለሁ። ትናንት ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ጺሙን ተላጭቷል፣ ፊቱም ሞላ ብሏል።

«ላሜራው ሲመጣ እወስድሃለሁ» አልኩት።

«ቤቱ ሲደርቅ ትወስድሃለች» አለች እህቱ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ ለእሱ።

በሚታዘዝለት እጁ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «እዚህ ይሻለኛል» አለ። ቀስ ብሎ ነው፣ በደህናው የአፉ ጎን፤ ግን አንድም ፊደል አልሳተም።

እውነቱን ነው። የእሷ ቤት ደረቅ ነው። ልብሱን አጥፌ መደቡ ላይ አስቀመጥኩለትና ወጣሁ።