በጣውንቴ ደጃፍ የረገፉት ወፎች

ጣውንቴ መልከ መልካም ነበረች። ይህን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ባለቤቴ ከሮቢት አግብቶ ሲያመጣት ቤት የሠራላት ከእኔ ግቢ አጠገብ ነው፤ የሚለየን የእሾህ አጥር ብቻ ነበር። ለእሷ ቆርቆሮ፣ ለእኔ ሣር። አንድ ቀን ለእሷ፣ አንድ ቀን ለእኔ ተባለና ተራ ተደለደለ። በእሷ ተራ ሳቁ አጥሩን አልፎ ይመጣል፤ በእኔ ተራ ስለ በሬዎቹ ያወራኛል። ቅናት እርር ድብን ያደርገኝ ነበር። የባሰችብኝ ደግሞ ትንሿ ልጄ ናት፤ ከነጋ ጀምሮ የምትውለው እሷ ጋ ነው። “እዚያ ምን አለ?” ብላት “ትስቃለች” አለችኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረና የቆቦ ሜዳ ማሽላ ገና በቡቃያው ደረቀ። ለክረምቱ የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር በገበሬ ማኅበሩ በኩል ታደለን። ነቀዝ እንዳይነካው መድኃኒት ስለተቀባ ዘሩ ቀይ ነበር። ባለቤቴ ጆንያውን ተሸክሞ እሷ ቤት አስገባው። “ለምን?” ብዬ ብጠይቀው “የእሷ ቤት አይጥ የለውም” አለኝ። ለሁለት ቀን አላናገርኩትም።

በዚያው ሳምንት የሴቶች ማኅበሩ ለስብሰባ ጠራን። ከእርሻ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ወጣት አንድ እፍኝ ቀይ ዘር ይዞ፣ “ጓዶች፣ ይህ መርዝ ነው። ቢታጠብም፣ ቢቀቀልም አይለቅም። ላልመጡት ንገሩ” አለን። ጣውንቴ ልጇ አተኩሶባት ቀርታለች። መንገር የእኔ ድርሻ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ግን ያ ጆንያ ትዝ አለኝና ንዴቴ ተመለሰ። ዘሩን አምኖ የሰጣት እሱ ይንገራት ብዬ በአጥሯ ጥግ ዝም ብዬ አለፍኩ። ትበላዋለች ብዬ አላሰብኩም። አንዲት ቃል ልሰጣት አልፈለግሁም እንጂ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት በእሷ ግቢ ጫጫታ ሰማሁና ወጣሁ። ደጇ ላይ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ወፍ ረግፏል። ግሪሳው፣ ዋኖሱ፣ እርግቡ አንድ ላይ ተኝቷል፤ አንዳንዱ ገና ክንፉን ያንቀሳቅሳል። ቢለቀም ስልቻ ይሞላል።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አንድ ሽማግሌ “ውሃ ጥም ነው፤ ወንዙ ደርቆ የት ይጠጡ” አሉ። ከገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ደግሞ በዋጃ በኩል ለግሪሳ መድኃኒት የረጨ አውሮፕላን ማየቱን አወራ። አንዷ “ፈንግል ነው፣ ዶሮዎቻችሁን አስገቡ” ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ጣውንቴ ልጇን አዝላ ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች።

“እኔ ግቢ ግን አንድም አልወደቀም” አልኩ እንደ ዘበት።

ይህቺው ቃል በቃች። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ይቺ ልጅ ከመጣች ዝናቡም ሸሸን” አለች። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ሰዉ ሲበተን ከአጥሩ ሥር የወደቀች አንዲት ዋኖስ አንስቼ ቤቴ ገባሁ። ጉሮሮዋ አብጧል። በቢላ ብከፍተው ማሽላ ነው፤ ከፍሬው ስንጥቅ ውስጥ ቀይ እድፍ ቀርቷል። ትናንት ጣውንቴ ሰሌን አንጥፋ እርጥብ ነገር ስታሰጣ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻት ነበር። ዘሩን አጥባዋለች። ወፎቹ የለቀሙት እሱን ነው።

አገኘኋት አልኩ። ባለቤቴ ለእኩለ ቀን ሶላት ከእርሻ ይመለሳል፤ ያችን ዋኖስ ከነጉሮሮዋ ፊቱ አስቀምጬ “ያመንካት ሴት ዘርህን ይኸው እንዲህ አደረገችው” ልለው ቃሉን ሳይቀር አዘጋጀሁ። በጨርቅ ጠቅልያት ደጄ ላይ ቁጭ አልኩ። ዘር ለምን እንደሚታጠብ እንኳ አላሰብኩም፤ ጥፋቷን እንጂ ድስቷን አላየሁም።

ትንሿ ልጄ መጣች። “ነይ ትልሻለች።”

“ሥራ አለብኝ በያት።”

ሄዳ ተመለሰች። “ቶሎ ነይ፣ ንፍሮው ሊበርድ ነው። እርቦናል።”

“የምን ንፍሮ?”

“የማሽላ።”

በአጥሩ በር ልዙር አላልኩም። ጨርቁን እንደያዝኩ እሾሁን ጥሼ ገባሁ፤ ቀሚሴ እዚያው ተቀደደ። ከፍ ያሉት ሁለቱ ልጆቿ ትሪውን ከበው ተቀምጠዋል። በእግሬ መትቼ ደፋሁት። ልጆቹ አለቀሱ። ጣውንቴ የታዘለ ልጇን እየደገፈች ተነሳች።

“እትዬ፣ ምን በደልኩሽ?”

ጨርቁን ፈትቼ ዋኖሷንና ቀዩን ፍሬ አሳየኋት።

“ቀምሰዋል?”

“ኧረ አልቀመሱም። ታላቅ ሳይቀምስ እጃችሁን እንዳታስገቡ ብያቸው አንቺን ስንጠብቅ ነበር።” ከዚያ የደፋሁትን አየችና ድምጿ ተሰበረ። “ውሃው እስኪጠራ ደጋግሜ አጥቤዋለሁ እኮ። ማን ነገረኝ?”

ባለቤቴ በዚህ መሃል ገባ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። “ዘሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ራባቸው። ወላሂ፣ እትዬ ባትደርስ ዛሬ ሁሉም አልቀው ነበር” አለችው።

ይጮህባታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸባትም። የእኔን ልጅ አንስቶ አቀፈና ወደ እኔ ዞረ። እሷ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አምስት ዓመት የተመኘሁትን ዓይን ያገኘሁት በእሷ አፍ ነው፤ ይህም አንገበገበኝ።

“እንዴት አወቅሽ?” አለኝ።

“ከወፎቹ” አልኩ።

ስብሰባውን አላነሳሁም። ጣውንቴ እጄን ይዛ “አላህ ይስጥሽ” አለችኝ፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ። ጥፋቷን በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ቀሏታል። ከቆርቆሮውም፣ ከመልኳም፣ ከሳቋም ይልቅ በዚህ ቀናሁባት። እኔ የራሴን ጥፋት እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።