የባጃጁ ሹፌር ጀግና

ጦርነቱ አንድ እግሬንና አንድ እጄን ከወሰደ በኋላ በብረትና በፕላስቲክ ጠጋግነውኛል። ያን ቀን አዲሱ እግር ጭኔን ሲልጠኝ ውሎ፣ ቤቴ ገብቼ ለማውለቅ ቸኩዬ አሰላ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አፍጥጦ አየኝና ከመቀመጫው ሥር የተቀዳደደ የሥዕል መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑ ላይ ግማሽ ገላው ብረት የሆነ ወታደር ታንክ ተሸክሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እርስዎ ነዎት አይደል?»

«አይደለሁም» ብዬው ነበር። መንገዱን ሙሉ ሲጨቀጭቀኝ ግን ዝም እንዲልልኝ ብዬ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ በቃ ንዳ» አልኩት።

ዳገቱ ላይ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሹፌሩ ዞር ብሎ በተስፋ አየኝ። ምን ላድርግ? ወረድኩ። በደህናው ትከሻዬ ተደግፌ ወገቤ እስኪንቋቋ ገፋሁ። ባጃጁ ጭቃውን ፊቴ ላይ ረጭቶ ወጣ።

ትንፋሼን ሰብስቤ ልሳፈር ስል ሹፌሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ! እርስዎን የመሰለ ሰው በባጃጅ ማስቸገሬ ነውር ነው። ከእኔ ቀድመው ይደርሳሉ!» አለኝና ጥሎኝ ሽቅብ ነዳው።