ያልተገመተው ዲናር

በሰው ሚስት መመካት ነውር ነው፤ በራስ ሚስት መመካት ግን መብት ነው። ስለዚህ አፌን ሞልቼ ልናገር፦ በዚህ ከተማ የጥንት ሮማውያንን ሳንቲም፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ አንድ ሰው ቢኖር ባለቤቴ ናት። የሚከራከረኝ ካለ ሳንቲሙን ይዞ ይምጣ።

ሠላሳ አምስት ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ ዱቄት ስትመዝን ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረችው ግን ገና ሳንጋባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ የሚገናኙት ሰብሳቢዎች ያለ እሷ ቃል አይገዙም፣ አይለዋወጡም። «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። እሷ አትወደውም፤ እኔ እወደዋለሁ።

ሳንቲም ሲሰጧት መጀመሪያ ፊቱን አታይም። ፊት ማሳመር ማንም ይችላል ባይ ናት። ጠርዙን በማጉያ መነጽር ትዞረዋለች፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ከሆነ ስፌት የመሰለች መስመር ትገኝበታለች፣ ወይም መስመሯን ለማጥፋት የተሞረደበት ቦታ ይታያል። ቀጥላ ትመዝነዋለች። ከዚያ ፊደሎቹን ታያለች፤ በመዶሻ የተመታ ፊደል አፋፉ ስለታም ነው፣ የፈሰሰው ግን እንዳለቀ ሳሙና ይለሰልሳል። ዋጋ የምትናገረው በመጨረሻ ነው፤ ከሰው የምትቀያየመውም እዚያ ላይ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት የኖረ ነገር ሁሉ ቤት የሚያሠራ የሚመስለው ብዙ ነው። ሮማውያን ግን ሳንቲም መምታት አይታክታቸውም ነበር፤ ዋጋ የሚያወጣው ብርቅነቱና አያያዙ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጥርስ ሐኪም የነሐስ ሳንቲሙን በጥርስ ሳሙና ፈትጎ፣ የዘመናት አረንጓዴ ቆዳውን ገፎ፣ ፀሐይ አስመስሎ ይዞላት መጣ። «ትናንት ብታመጣው ጥሩ ዋጋ ነበረው» ብላ መለሰችለት። እስከ ዛሬ አያናግራትም።

በሣጥኗ ውስጥ በመጀመሪያው ቦታ የተቀመጠውን ግን የሰጠኋት እኔ ነኝ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት የሐድሪያን መልክ ያለበት የብር ዲናር ነው፤ በጀርባው ሚዛን የያዘች ሴት ቆማለች። እጮኛዬ ሳለች፣ እኔም በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሳለሁ ገዛሁት። ሚዛኗን ሳይ በእሷ ልክ የተሠራ መሰለኝ። ሰዎች ዋጋውን ሲጠይቋት «እሱ አይገመትም» ትላለች። እኔም ዋጋው የማይደፈር ነው ማለቷ መስሎኝ፣ ላገኘሁት ሁሉ ፎቶውን በስልኬ እያሳየሁ ስጎርር ኖርኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ወር አንድ መኪና አስመጪ ዲናር ይዞ ወደ ማኅበሩ መጣ። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ የሆኑት ሽማግሌ የታሪክ መምህር ገና ሲያዩት ልባቸው ተሰረቀ። አርባ ዓመት አንድ በአንድ የለቀሟቸውን ነሐሶች በሙሉ በእሱ ሊለውጡ ተስማሙ። የቀረው የባለቤቴ ቃል ብቻ ነበር። መምህሩ ነሐሶቹ ያሉበትን ቆርቆሮ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ከላዩ አላነሡም።

ባለቤቴ ጠርዙን ዞረችው፣ መዘነችው፣ ፊደሎቹን አየችና ቅጂ ነው አለች። አስመጪው አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረና ቀደም ሲል ለእሱም ያሳየሁትን የባለቤቴን ዲናር ፎቶ ለሁሉም እንዳሳይ ጠየቀኝ። እኔ ምን ተዳዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ስልኬን አወጣሁ። ያው ሐድሪያን ነው፣ ያችው ባለሚዛን ሴት ናት። ከጆሮው ሥር እስከ አንገቱ የወረደችው ጭረት እንኳ በሁለቱም ላይ አንድ ናት።

«የእኔ ቅጂ ከሆነ የእርስዎም ቅጂ ነዋ፣ እትዬ» አለ አስመጪው።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፣ አንድ ማኅተም የመታቸው መንትዮች ናቸው ብትል የሚጠራጠራት አልነበረም። የእኔም ጉራ ይተርፍ ነበር። መምህሩ ብቻ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላ ወደ ሰውየው ዞረች።

«ልክ ነህ ልጄ፣ የእኔም ቅጂ ነው» አለች። «አንድ ማኅተም ብዙ ሳንቲም ይመታል። ጭረት ግን ሳንቲሙ ሰው እጅ ከገባ በኋላ የሚመጣ ነው፤ በሁለት ሳንቲም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። የእኔም ግማሽ ግራም ይጎድለዋል፣ ጠርዙም ተሞርዷል።»

መምህሩ ሣጥናቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። አስመጪው ዲናሩን ኪሱ ከትቶ ሳይሰናበት ወጣ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገር ግን አልዋሽም፣ ከሐፍረቴ ይልቅ ኩራቴ በለጠ። ለገዛ ሣጥኗ ሳትሳሳ እውነቱን የመሰከረች ሴት፣ ክንዴን ይዛ ደረጃውን የምትወርደው ከእኔ ጋር ነበር።

መንገድ ላይ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኳት። ከሰጠኸኝ ቀን ጀምሮ አለችኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም አልሽ?»

መልሷን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ዲናር ለመግዛት ሦስት ወር የአውቶቡስ ሒሳብ እያስቀረሁ፣ ከቤቴ እስከ ማተሚያ ቤቱ በእግሬ ተመላልሻለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እሷንም የመሥሪያ ቤቱ መኪና ያመላልሰኛል ብዬ ዋሽቻት ነበር።

«ሳንቲሙ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ነው» አለችኝ። «ያን ቀን ጫማህንም አይቼዋለሁ። እሱ ግን የምር አልቆ ነበር።»